እንቁላሉን ማስመለስ
በትምህርት ቤት ጥፋትን በመጠገን ስለ ማረም፦ ለጉባኤያት የጥናት ቡድኖችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



ይህ ጥናት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ አካባቢ ከልጆች ጋር ለሚሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ሥራውን ለምትደግፉ ጉባኤያት የቀረበ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ በማካሄዱና ዩኒፎርም በመስጠቱ፣ ባዶ ሆድ ያመጣው የነበረው ችግር ቀሏል። ነገር ግን በልቶና ለብሶ ወደ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ ተምሮ ይወጣል ማለት አይደለም። ክፍሉ በጠብ፣ በስድብና በፍርሃት የተሞላ ከሆነ ምሳውም ደብተሩም የታሰበውን ፍሬ አይሰጥም።

ስለዚህ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ተማሪ ሲያጠፋ ትምህርት ቤቱ ምን ያድርግ? ብዙዎቻችን ሁለት መልስ ብቻ እናውቃለን። አንደኛው መቅጣት፣ ሁለተኛው ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ። ይኸውም ያጠፋው ልጅ የጎዳውን ሰው ሰምቶ፣ ያበላሸውን በገዛ እጁ እንዲጠግን ማድረግ ነው። ይህ መንገድ ከቅጣት የቀለለ እንዳይመስለን፤ እንዲያውም ይከብዳል። አንድ መምህር ብቻውን ሊወጣው አይችልም። መምህራን ሲተባበሩ ግን ይቻላል።

1. ሕጉና ልማዱ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ሲዘረዝር፣ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አካሉን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግዲህ ዱላ በትምህርት ቤት ከተከለከለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

ልማዱ ግን ከሕጉ ጋር እኩል አልተራመደም። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት አዲስ አበባን ጨምሮ በኢትዮጵያ፣ እንዲሁም በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ብዙ ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 የ8 ዓመት ልጆች ሲጠየቁ፣ በኢትዮጵያ ከአራቱ ሦስቱ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ መምህር ተማሪ ሲመታ እንዳዩ ተናግረዋል። በሕንድ ቁጥሩ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ ነበር፤ በፔሩና በቬትናምም ከግማሽ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ነገሩ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሕዝብ ጠባይ አይደለም።

ለዚህ መምህራንን ብቻ መውቀስ አይገባም። መምህሩ ራሱ ያደገው በአርጩሜ ነው። የተጨናነቀ ክፍል፣ አነስተኛ ደመወዝና «ልጄን ቀጥተህ አሳድግልኝ» የሚል ወላጅ ከፊቱ አሉ። ሕጉ ዱላውን ከእጁ ወሰደ፤ በምትኩ ምን እንደሚይዝ ግን በሚገባ ያሳየው የለም። ስለዚህ አንዳንዱ ዱላውን ደበቅ አድርጎ ይጠቀማል። አንዳንዱ ማንበርከክን፣ ከክፍል ማስወጣትንና «ወላጅ አምጣ»ን ይይዛል። ሌላው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ «ምን አገባኝ» ይላል። ተማሪው ሦስቱንም በአንድ ቀን በሦስት ክፍለ ጊዜ ያያል፤ የሚማረውም ሕግን ሳይሆን የመምህራንን ጠባይ መለየት ነው።

2. የእንቁላሉ ተረት ምን ያስተምራል?

ዱላን የሚደግፉ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ነው። ተረቱ እንደሚታወቀው፣ አንድ ልጅ እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ አመጣ፤ እናቱም ዝም ብላ ተቀበለችው። ከዚያ ዶሮ፣ ከዚያም በሬ ሰረቀ። በመጨረሻ ሞት ተፈርዶበት ሲወሰድ፣ በእንቁላሉ ጊዜ ብትቀጣው ኖሮ ለዚህ እንደማይበቃ ለእናቱ ነገራት።

ተረቱ እውነት ይዟል። ትንሽ ጥፋት በጊዜው ካልታረመ ያድጋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል መባሉም ለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ የተረሳ ሰው አለ። የእንቁላሉ ባለቤት የት ሄደች? እናቲቱ ልጁን ብትገርፈው እንኳ እንቁላሉ በቤቷ እንዳለ ይቀር ነበር፤ ጎረቤቷም እንደተሰረቀች ትቀር ነበር። ልጁ የሚማረው «ስሰርቅ እናቴ እንዳታየኝ» የሚለውን ይሆን ነበር። እናቲቱ የልጁን እጅ ይዛ፣ እንቁላሉን አስይዛ ወደ ጎረቤቷ ቤት ብትሄድስ? ልጁ የባለቤቲቱን ፊት ያያል፣ ቃሏን ይሰማል፣ በራሱ አንደበት ያደረገውን ይናገራል፣ እንቁላሉንም ይመልሳል። ምናልባትም ለዶሮዋ ጥሬ እንዲበትን ይታዘዝ ይሆናል። ይህ ዝም ማለት አይደለም፤ ግርፋትም አይደለም።

ጉዳትን የሚጠግን አሠራር የምንለው ይህንን ነው። ቅጣት የሚጠይቀው «የትኛው ደንብ ተጣሰ? ማን ጣሰው? ምን ይገባዋል?» እያለ ነው። ጥገና ግን «ማን ተጎዳ? ምን ያስፈልገዋል? የመጠገኑ ግዴታ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

3. አንድ ምሳሌ

ለጥናቱ እንዲረዳን በሐሳባችን አንድ 7ኛ ክፍል እንውሰድ፤ ልጆቹንም አበበና ከበደ ብለን እንጥራቸው። የሒሳብ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው አበበ የከበደን ደብተር ቀደደው። በተለመደው መንገድ አበበ ይንበረከካል፣ ወላጅ እንዲያመጣም ይታዘዛል። እናቱ በመንገድ ዳር ቆሎ ትሸጣለች፤ በማግሥቱ ገበያዋን ትታ ትመጣለች፣ ትወቀሳለች፣ ቤት ስትገባም ንዴቷን በልጇ ላይ ታወጣለች። ጉዳዩ ተዘጋ ይባላል። ነገር ግን የከበደ ደብተር አሁንም የተቀደደ ነው፤ ፈተናውም ቀርቧል። አበበም ከበደን አድፍጦ ይጠብቀዋል።

አሁን ሌላውን መንገድ እንመልከት። የክፍል ኃላፊው መምህር በመጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግራቸዋል። አበበን እንዲህ ይጠይቀዋል፦ ምን ሆነ? ያን ጊዜ ምን አስበህ ነበር? ከዚያ ወዲህስ ምን ታስባለህ? በዚህ ነገር የተጎዳው ማን ነው? እንዴት ተጎዳ? ነገሩን ለማስተካከል ምን ማድረግ ይኖርብሃል? ከበደንም ይጠይቀዋል፦ ምን ደረሰብህ? ከሁሉ የከበደህ ምንድን ነው? ምን ቢደረግልህ ይቀልልሃል? «ለምን አደረግህ?» ተብሎ እንዳልተጠየቀ ልብ በሉ። «ለምን» የሚለው ቃል ልጅን ወደ ሰበብ ይመራዋል፤ «ምን ሆነ» ግን ወደ ታሪኩ ያስገባዋል።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ አዲስ ነገር ይወጣል። ከበደ ለሳምንት ያህል «የቆሎ ሻጭ ልጅ» እያለ ሲያላግጥበት እንደቆየ አበበ ይናገራል። ይህ ደብተር መቅደዱን ትክክል አያደርገውም። መምህሩም «ደብተሩን የቀደድኸው አንተ ነህ፤ የስድቡን ነገር ደግሞ ለብቻው እናየዋለን» ይለዋል። ሁለቱም ፈቅደው ሲገናኙ፣ አበበ ለሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ቆይቶ የተቀደደውን ማስታወሻ እንደገና ሊጽፍ ይስማማል። የሒሳብ መምህርቷ ትክክል መጻፉን ታያለች፤ እግረ መንገዱንም ለፈተናው ይዘጋጃል። ከበደም በበኩሉ የስድቡን ቃል እንደማይደግም፣ ሲሰማውም ዝም እንደማይል ቃል ይገባል። እናቲቱ ገበያዋን ሳትፈታ ማታ በስልክ ይነገራታል። በሦስተኛው ቀን መምህሩ የተባለው መፈጸሙን ያረጋግጣል።

የትኛው መንገድ ለአበበ ከበደው? ግማሽ ሰዓት መንበርከክ ወይስ ሁለት ቀን ሙሉ የጎዳውን ልጅ ማስታወሻ እየጻፉ መዋል? ጥገናን «ልጅ ማባበል» ለሚሉ ሰዎች መልሱ ከዚህ ይገኛል።

4. ሽምግልናችንና ጉድለቱ

ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ትምህርት ብቻ አይደለም። ሽምግልና፣ ዕርቅና ካሳ የአገራችን ሀብት ናቸው። በአማራው አውጫጭኝ፣ በኦሮሞው ጉማ፣ በሲዳማው አፊኒ በመባል የሚታወቁት ሥርዓቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አካሄድ አላቸው፤ ይሁን እንጂ በደልን የሚያዩት የበዳዩና የተበዳዩ የግል ነገር ብቻ አድርገው አይደለም፤ የማኅበረሰቡ ቁስል አድርገው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው አነጋገር የቆመው በዚህ ማስተዋል ላይ ነው።

ሆኖም ሽምግልናን እንዳለ ወደ ክፍል ብናስገባ ሦስት ጉድለቶች ይገጥሙናል። አንደኛ፣ የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። በትምህርት ቤት ግን ዋናዎቹ ተናጋሪዎች ልጆቹ ራሳቸው መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፣ ለሽማግሌ እምቢ አይባልምና የተጎዳው ሰው ሳይፈልግ «ይቅር ብያለሁ» ይላል። የተጎዳ ልጅ ይቅር እንዲል አይገደድም፤ የሚገደደው ያጠፋው እንዲጠግን ነው። ሦስተኛ፣ ሳሙ ተሳሳሙ ተብሎ በዕለቱ ይዘጋል። እውነተኛ ጥገና ግን ክትትል ይፈልጋል።

5. ሌሎች አገሮች ምን አዩ?

እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ኤልማይራ በምትባል ከተማ ሁለት ወጣቶች በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ። የመኖናይት ቤተ ክርስቲያን አባላት የሆኑ ሠራተኞች ወጣቶቹ ወደ እስር ቤት ከመላክ ይልቅ የተጎዱትን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ እንዲያነጋግሩና ኪሣራውን እንዲከፍሉ ሐሳብ አቀረቡ። ዳኛው ፈቀደ፤ ወጣቶቹም ሄዱ፣ ከፈሉም። መኖናይቶች በአገራችን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአገልግሎታቸው የበቀለች በመሆኗ ለብዙዎቻችን የታወቁ ናቸው። ከኤልማይራ በኋላ አሠራሩ ወደ ብዙ አገሮች ፍርድ ቤቶች ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ወደ ትምህርት ቤት ተሻገረ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኡጋንዳ ምሳሌ ነው። በሉዌሮ ወረዳ በ42 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች «ሬይዚንግ ቮይስስ» የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው የጥሩ ትምህርት ቤት መርሐ ግብር ተሠራበት። መርሐ ግብሩ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች በአንድነት ደንብ እንዲያወጡ፣ ያለ ዱላ ማረምን እንዲለማመዱ፣ የራሳቸውን እርምጃ እየመዘኑ እንዲሄዱ የሚያደርግ ነው። በመጨረሻ ልጆቹ ሲጠየቁ፣ መርሐ ግብሩ ባልገባባቸው ትምህርት ቤቶች ከመቶው 48.7 የሚሆኑት ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ ሠራተኛ እንደተመቱ ተናገሩ፤ በገባባቸው ግን 31.0 ሆኑ። ዱላው አልጠፋም፤ ነገር ግን በእጅጉ ቀነሰ።

ከዚሁ ጥናት አንድ ከባድ ትምህርት እንውሰድ። ልጆች መናገር ሲጀምሩ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። በጥናቱ ወቅት በተናገሩት ምክንያት 434 ልጆች ወደ ሕፃናት ጥበቃ አገልግሎት ተልከዋል። ልጆችን «ተናገሩ» ከማለታችን በፊት፣ የተናገሩትን ወዴት እንደምናደርስ ማወቅ ይገባናል።

ውጤቱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በ40 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናት፣ ደካማውን ማጥቃትና ማሾፍ በመጠኑ ቀነሰ፤ ጠበኝነት ግን ጉልህ ለውጥ አላሳየም። በዚያው ዓመት ስለ አሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ የታተመ ጥናት፣ ተማሪን ከትምህርት ማገድ እንደቀነሰና መምህራን የትምህርት ቤቱ መንፈስ እንደተሻሻለ መመስከራቸውን ገለጸ፤ ነገር ግን የመካከለኛ ክፍል ተማሪዎች የትምህርት ውጤት አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ ለጉባኤያችን «ይህን ብናደርግ ሁሉ ነገር ይስተካከላል» ብለን ቃል አንግባ። ጥሩ ማስተማርን የሚተካ ነገር የለም፤ ጥገናው ለጥሩ ማስተማር ቦታ ይከፍታል እንጂ።

6. የካዛንቺስና የቂርቆስ ልጆች ዛሬ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች መጠሪያ ነው። አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው በዚህ ሰፈር ነው፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ተቀምጠው ተነጋግረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ያቋቋሙት በዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ጀርባ ግን ቤተሰቦች በተጠጋጉ የቀበሌ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ልጅ የሁሉ ነው፤ ያጠፋ እንደሆነ የጎረቤት እናት ትቆጣዋለች፤ የዕድር ሰው ያየዋል። ትምህርት ቤቱም ሳያውቀው በዚህ የጉርብትና መረብ ላይ ተደግፎ ይኖር ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የኮሪደር ልማቱ ወደ ካዛንቺስ ሲደርስ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎችም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። የልማቱን ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዚህ ጥናት ሥራ አይደለም። ለትምህርት ቤት ያለው ትርጉም ግን ሊታሰብ ይገባዋል። የሄደው ልጅ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ አዲስ ሆኖ ይቀመጣል። የቀረውም የጓደኞቹን ቦታ ባዶ አድርጎ ያያል። ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት የሌለው ልጅ ሲያጠፋ «የእነ እገሌ ልጅ» ብሎ የሚይዘው አይኖርም።

ጥገና የሚባለው ነገር መጀመሪያ የተሠራ ነገር መኖሩን ይጠይቃል። ያልተዋወቁ ልጆችን «ግንኙነታችሁን አድሱ» ማለት ትርጉም የለውም። ስለዚህ የዛሬው የመጀመሪያ ሥራ ጠብ እስኪነሣ ሳይጠብቁ ልጆቹን ማስተዋወቅ ነው። ይህ ተዛዋሪዎችን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ይበልጥ ያስፈልጋል።

7. መምህራን እንዴት ይተባበሩ?

አንድን 7ኛ ክፍል በሳምንት ብዙ መምህራን ይገቡበታል። እያንዳንዱ የሚያየው የልጁን አንድ ቁራጭ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሸክሙ የሚቀለው ሲከፋፈሉት ነው። የሚከተሉት እርምጃዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ሀ. የሳምንት ስብሰባ። አንድን ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን በሳምንት አንድ ቀን ለ30 ደቂቃ ይገናኙ። ስለ ሁሉም ልጅ ሳይሆን ስለ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ብቻ ይነጋገሩ። ጥያቄዎቹም እነዚህ ይሁኑ፦ ምን አየን? በስንተኛው ክፍለ ጊዜ? በማን ክፍል ይረጋጋል? ከእኛ መካከል ለልጁ የሚቀርበው ማን ነው? ብዙ ጊዜ «ባለጌ» የተባለው ልጅ በአንድ መምህር ክፍል ጨዋ ሆኖ ይገኛል። ያ መምህር ምን እንደሚያደርግ መስማት ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል። በመመሪያ የታወቀው ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ለዚህ ስብሰባ ሊውል ይችላል።

ለ. የጥፋት ደረጃ። ማርፈድ፣ ወሬና ረብሻ በክፍሉ መምህር ይታረሙ። ስድብ፣ ጠብና ንብረት ማበላሸት በክፍል ኃላፊው መሪነት በጥገና ስብሰባ ይታዩ። ወንጀል የሆነው ደግሞ ወደ ሕግ ይሂድ። መምህራን ሁሉ ይህን ከተስማሙበት ልጁ በየክፍለ ጊዜው የተለየ ሕግ አያገኝም።

ሐ. አንድ ዓይነት ጥያቄ። በአበበና በከበደ ምሳሌ ያየናቸው ጥያቄዎች በትንሽ ወረቀት ተጽፈው በእያንዳንዱ መምህር ኪስ ይኑሩ። የጥበቃ ሠራተኛውና ዩኒት ሊደሩም ይያዙት።

መ. የክብ ውይይት። የክፍል ኃላፊው መምህር በሳምንት አንድ ጊዜ ለ15 ደቂቃ ተማሪዎቹን በክብ ያስቀምጥ። እስክሪብቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፤ የያዘው ብቻ ይናገር፤ መናገር ያልፈለገ ያሳልፍ። ጥያቄው ቀላል ይሁን፦ በዚህ ሳምንት ማን ረዳህ? በክፍላችን ምን ያስፈራሃል? ክፍሉ ቢጣበብ ግማሹ ሲጽፍ ግማሹ ይነጋገር፤ ወይም ወደ ሜዳ ይውጡ።

ሠ. መተካካት። የጥገና ስብሰባ የሚመራ መምህር ክፍሉን የሚጠብቅለት ያስፈልገዋል። ይህን በፕሮግራም የሚያስገባው ርዕሰ መምህሩ ነው። የተቆጣ መምህርንም ባልደረባው «አንተ ውጣና ውኃ ጠጣ፤ እኔ እይዘዋለሁ» ሊለው ይገባል። ብዙ ዱላ የሚነሣው በዚያች አንድ ደቂቃ ነው።

ረ. መዝገብ። ማን ምን ለማድረግ እንደተስማማና መቼ እንደሚታይ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ያልተከታተሉት ስምምነት ልጁን ቃል ማፍረስ ያስተምረዋል።

8. ወደ ክብ የማይቀርቡ ነገሮች

እዚህ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ማስገደድ፣ መድፈር፣ ጠለፋና ማንኛውም በልጅ ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት ለዕርቅ አይቀርብም። ቤተሰብ «ስማችን እንዳይጠፋ» ብሎ ሽማግሌ ቢልክ፣ ጉባኤም ቢሆን ሊሸመግል አይገባውም። ይህ ወንጀል ነው፤ ወደ ፖሊስና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ልጅቱም ከአጥቂዋ ጋር ፊት ለፊት እንድትቀመጥ አይደረግም። እንዲሁም መምህር ተማሪን የመታ እንደሆነ ነገሩ በሁለቱ መካከል በምስጢር አይዘጋም፤ አንደኛው ጉልበት ያለው፣ ሌላው የሌለው ናቸውና።

9. የጉባኤያትና የሠራተኞች ድርሻ

ትምህርት ቤቱን የምንመራው እኛ አይደለንም፤ የምንረዳ ጎረቤቶች ነን። ከዚህ የሚከተለውን ማድረግ እንችላለን።

የፕሮጀክት ሠራተኛ ስለ ልጁ ሲጠራ «ምን አጠፋ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ «ምን ተስማማችሁ? በቤት በኩል ምን እንርዳ?» ይበል። የልጆች ማዕከላችንም ራሱ ያለ ዱላና ያለ ማዋረድ ይመራ፤ በቅዳሜው መርሐ ግብር ልጅን የሚያንበረክክ ሰው ለመምህር ምክር ሊሰጥ አይችልም። የጉባኤ አባል የሆኑ ወላጆች በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ ይገኙ፤ «ቀጥተህ አሳድግልኝ» ማለትንም ይተዉ። በመካከላችን ያሉ መምህራን ይበረታቱ፤ ድካማቸውም ይታወቅላቸው። ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላ ስፍራ የተዛወሩ ቤተሰቦች በዚያ የሚገኝ ጉባኤና ጎረቤት እንዲያውቃቸው ስማቸው ይላክ፤ ልጆቹም ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚሸኛቸው ሰው ይኑር።

ዘኬዎስ ያለአግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ሲናገር፣ በዚያ ቀን ድርሻ ያገኙት ሰዎች በቤቱ ከበር ውጭ የነበሩት ናቸው። ንስሐ ወደ ተጎዳው ሰው ቤት የሚያደርስ እግር እንዳለው ለልጆቻችን ማስተማር የምንችለው፣ በትንሹ በእንቁላሉ ጊዜ ስንጀምር ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በልጅነታችሁ ከተቀጣችሁት ቅጣት ያስታወሳችሁት ጥፋቱን ነው ወይስ ሕመሙን? የተጎዳው ሰውስ ምን አገኘ?

2. በአበበና በከበደ ምሳሌ እናቲቱ ገበያዋን ትታ ብትጠራ ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር? በእናንተ አካባቢ «ወላጅ አምጣ» የሚባለው በምን ምክንያት ነው?

3. በምታውቁት ሽምግልና የተጎዳው ሰው በፈቃዱ ይቅር ብሏል ወይስ ተገድዶ? ልጅ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይችል ነበር?

4. አንድ ልጅ በማዕከላችሁ በደል እንደደረሰበት ቢናገር፣ በመጀመሪያው ሰዓት ለማን ትነግራላችሁ? ስሙና ስልኩ ተጽፎ የሚገኘው የት ነው? ካልተጻፈ ከዚህ ጥናት ሳትነሡ ጻፉት።

5. በጉባኤያችሁ ስንት መምህራን አሉ? በሚቀጥለው ወር ጠርታችሁ ይህን ጥናት አብራችሁ አንብቡ፤ ከስድስቱ እርምጃዎች በትምህርት ቤታቸው አሁን ሊጀመር የሚችለው የትኛው እንደሆነ ጠይቋቸው፤ እናንተም በምን እንደምትረዷቸው ተስማሙ።